ዝናቡ ካበቃ በኋላ የሚያብቡት፦ የአንድ መደብ የዓመት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው፣ ስምንት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቦታ እስካሁን የሣር ነበር። በዝናብ ወራት ይለመልማል፤ ዝናቡ ካቆመ በሦስተኛው ሳምንት ግን ገለባ ይመስላል። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ አንድ አበባ አይገኝም። ንቦች ቧንቧው ሥር ውሃ ሊቀዱ መጥተው፣ ሌላ የሚያርፉበት አጥተው ይመለሳሉ። ይህን ለሦስት ዓመት ካየሁ በኋላ ነው ቦታውን ለመቆፈር የወሰንኩት።

የምፈልጋቸው ተክሎች ድርቅ የሚችሉ፣ ቅጠላቸው ሲነካ የሚያውድ፣ ሌላው ሁሉ ከረገፈ በኋላ የሚያብቡና አንድ ጊዜ ተተክለው ለዓመታት የሚቆዩ ናቸው። ዝናቡ ሊገባ ስድስት ሳምንት ያህል ይቀራል። ሥሩ ከዝናቡ በፊት መሬት መያዝ አለበትና ጊዜው ጠባብ ነው።

ዛሬ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአፈሩን ጠባይ መፈተን። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሬ በውሃ ሞላሁት። ሰርጎ እስኪያልቅ ጠብቄ እንደገና ሞላሁትና በማስመሪያ ለካሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለእነዚህ ተክሎች በሰዓት ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል መውረድ ይኖርበታል። የእኔ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲርስ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ድርቅ የሚችል ተክል በደረቅ ወራት ሳይሆን በዝናብ ወራት የሚሞተው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው፤ የሚገድለውም ጥማት ሳይሆን ሥሩ አየር ማጣቱ ነው።

ሳምንት 2

ሦስት ቀን ሙሉ ጠጠር ስገፋ ዋልኩ።

መፍትሔው መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው በዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ቢጨምርበት የሚላላ ይመስለዋል። ጥቂት አሸዋ በሸክላማ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን አፈሩ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ጠባዩን ለመለወጥ አሸዋው ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ማንጠፍም እንዲሁ አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ የላይኛው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ድንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ እንጂ ከሥሩ መነጠፍ የለበትም።

መደቡን በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ስድስት ሜትር ኩብ ሙሊት ያስፈልጋል። በ60 ሊትር የእጅ ጋሪ መቶ ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። ግማሹን ከግቢው ከተቆፈረ አፈር፣ ሲሶ ያህሉን ከሻካራ ጠጠር፣ የቀረውን ከአሸዋና ከጥቂት ብስባሽ ሞላሁት። ፍግ አልጨመርኩም። ፍግ የበዛበት እንዲህ ያለ ተክል ቅጠሉ ይሰፋል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ በነፋስ ይጋደማል፤ አበባውም መዓዛውም ያንሳል። ጠጠሩ እጄን አቁስሎታል፤ መደቡ ግን አሁን ከሩቅ ሲያዩት ጉብታ ይመስላል፣ ወደ ሁለቱም ጎን ተዳፋት አለው።

ፈተናውን ደገምኩት፦ በሰዓት ስድስት ሴንቲ ሜትር። ደስ ብሎኛል።

ሳምንት 3

ተከላ። አሥራ ስምንት ችግኝ፣ አምስት ዓይነት።

ስድስቱ ሳልቪያ ሌውካንታ ናቸው። ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ ስፔናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶኒዮ ሆሴ ካቫኒዬስ በ1791 (እ.ኤ.አ.) ስም ሰጠው። የስሙ ትርጉም «ነጭ አበባ» ነው። ከሩቅ የሚታየው ሐምራዊ ቀለም የአበባው ሳይሆን አበባውን አቅፎ የያዘው ከፈይ የመሰለ ከረጢት ነው፤ አበባው ራሱ ከዚያ ውስጥ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ከቤቱ ጀምሬ ወደ አጥሩ በአንድ መስመር ተከልኳቸውና ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጠኋቸው።

ሦስቱ ታጌቴስ ሌሞኒ ናቸው፤ ቁጥቋጦ የሚሆን፣ ቢጫ የሚያብብ፣ ከአሪዞና ደቡብ ምሥራቅና ከሜክሲኮዋ ሶኖራ ተራሮች የመጣ። ስሙ የመጣው ዕፅዋት እየዞሩ ይሰበስቡ ከነበሩት ከሌሞን ቤተሰብ ነው። አራቱ አጋስታኬ ሩፔስትሪስ ናቸው፤ ይህም የዚያው ደረቅ አገር ልጅ ሲሆን ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ አበባው ብርቱካናማ ነው። ሁለት ሮዝመሪና ሦስት ላቬንደር ጨመርኩ። ሮዝመሪ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሳይንሳዊ ምደባ ከሳልቪያ ወገን ተቆጥሯል፤ ስለዚህ በመደቡ ውስጥ ሳልቪያዎቹ ስምንት ናቸው ማለት ይቻላል።

ላቬንደሩ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። የሜዲትራኒያን ተክል ዝናብ የሚያውቀው በብርድ ወራት ነው፤ ሞቃቱ ወቅት ለእርሱ ደረቅ ነው። የእኛ ዝናብ የሚመጣው በሙቀት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የሜክሲኮና የአሪዞና ተክሎች ግን በሙቀት ወራት ዝናብ ጠጥተው፣ ዝናቡ ሲያባራ አብበው፣ ዘራቸውን በደረቁ ወራት የሚበትኑ ናቸው። ዘግይተው ማበባቸው ከዚህ የመጣ ልማድ ነው። አንድ ተክል «ድርቅ ይችላል» ሲባል፣ የትኛውን ድርቅ ብሎ መጠየቅ ያሻል።

እያንዳንዱን ችግኝ ከነፕላስቲኩ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። በፕላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ የተጠመጠመውን ሥር በጣቴ ፈታሁት፤ ካልተፈታ መሬት ውስጥም መዞሩን ይቀጥላል። ጉድጓዱን ስፋቱን እጥፍ፣ ጥልቀቱን ልክ አደረግሁት፤ የግንዱ አንገት ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። ለእያንዳንዱ አሥር ሊትር ውሃ በሦስት ጊዜ፣ እየሰረገ። ከላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠጠር እንደ ጉዝጓዝ አለበስኩት። ለእነዚህ ገለባም ቅጠልም አላለብስም፤ አንገታቸው ደረቅ መሆን ይወዳል።

ሳምንት 5

ስለ ውሃ።

ችግኞቹ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት «ድርቅ የሚቋቋም» ይላል። ዛሬ ያ ቃል ውሸት ነው። ከሦስት ወር በኋላም ግማሽ እውነት ነው። ድርቅን የሚችለው ወደ ታች የወረደ ሥር ነው፤ የእነዚህ ሥር ግን ገና በፕላስቲኩ ልክ፣ ከአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ከዚህም የከፋው፣ የችግኙ የራሱ አፈር ብዙውን ጊዜ ቀላልና ስፖንጅ መሰል በመሆኑ ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ሳለ እርሱ ሊደርቅ ይችላል። ጣቴን ከግንዱ አጠገብ ሳስገባ ደረቅ፣ አንድ ስንዝር ርቄ ሳስገባ እርጥብ ሆኖ ያገኘሁት ለዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሃውን ከግንዱ ሥር አድርጌ በየሦስት ቀኑ አፈሰስኩ።

ከአሁን በኋላ ግን እየራቅኩ ላጠጣ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አሥር ሊትር፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ሥር ውሃ ወዳለበት ይሄዳል። በየቀኑ ጥቂት የሚያገኝ ተክል ሥሩን ላይ ላይ ይዘረጋል፤ አልፎ አልፎ ብዙ የሚያገኝ ተከትሎት ይወርዳል። ይህን በቃል ማወቅና ማሰሮውን ይዞ ቆሞ አለማፍሰስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትናንት ከቀትር በኋላ ቁጥር አራት አንገቱን ደፍቶ ሳየው እጄ ወደ ቧንቧው ሄዶ ነበር። ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በፀሐይ የጠወለገ ማታ ይመለሳል፤ ጎህ ሲቀድም ጠውልጎ ከተገኘና አፈሩም ደረቅ ከሆነ ያኔ በእርግጥ ጠምቶታል።

ሳምንት 6

የመጀመሪያው ዝናብ ትናንት ማታ ጣለ። ጠዋት ግቢው በሙሉ ሸተተ፤ ቅጠሉን ማንም ሳይነካው።

ማጉያ መነጽር ይዤ ከሮዝመሪው ሥር ተንበረከክሁ። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ ነጭ ፀጉር ተሸፍኖ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ከነፋስ ይጋርዳቸዋል። በፀጉሩ መካከል ደግሞ ጥቃቅን፣ ክብ፣ የሚያበሩ ጠብታዎች አሉ። ጠብታ ይመስላሉ እንጂ ከረጢቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ በስስ ልባስ ሥር ዘይት ቋጥሯል። በመርፌ ጫፍ አንዱን ነካሁት። ብልጭታው ጠፋ፣ ልባሱ ረገበ፣ ሽታው በዚያው ቅጽበት አፍንጫዬን መታው። አንዲት ነጥብ ይህን ያህል ትሸታለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቅጠል በምንነካበት ጊዜ የምናደርገው እነዚህን ከረጢቶች በመቶዎች እየቆጠርን ማፍረስ ነው። ተክሉ ያበጃቸው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ቅጠሉን ለመብላት የሚመጣውን ለማባረር ነው።

ሳምንት 9

ሁሉም አድገዋል። ሳልቪያዎቹ ጉልበቴ ላይ ደርሰዋል። የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ ከሁለተኛው አንጓ በላይ ቀነጠብኩት፤ ከተቀነጠበው ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል፣ አበባውም ያንኑ ያህል ይበዛል።

የተቀነጠበውን አልጣልኩም። አሥራ ሁለቱን ስምንት ስምንት ሴንቲ ሜትር አድርጌ ከአንጓው ሥር በስለት ቆረጥኩ፣ የታችኛውን ቅጠል ላጥኩ፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተክዬ በጥላ ሥር አኖርኩ። ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ ከደንኩባቸው፤ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ።

ሳምንት 11

ሁለት ላቬንደር አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከአሥር ቀን በፊት አንደኛው ጠወለገ። ለሁለት ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ጠምቶታል ብዬ አጠጣሁት። በማግስቱ ባሰበት፤ እንደገና አጠጣሁት። ሳምንት አምስት ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ረሳሁ፤ ጠዋት ጠዋት መጠውለጉን እንጂ አፈሩ እርጥብ መሆኑን አላየሁም። በአምስተኛው ቀን ግራጫው ቅጠል ወደ ቡና ዓይነት ተለወጠ፣ አጠገቡ ያለው ሁለተኛውም ተከተለው።

ነቅዬ አየኋቸው። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም የሚመስል ሆኖ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህ ጥቁር ቡናማና ልፍስፍስ ነበር። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ውጪው ልጣጭ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ፤ በውስጡ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ነው። ሽታው የረጋ ውሃ ሽታ ነው። የሥር መበስበስ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ የሚባል ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን፣ ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ስለዚህ መልኩ ልክ የጥማት መልክ ነው። የሚለያቸው ጣትን አፈር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው፤ እኔም ያላደረግሁት እርሱን ነው።

መደቡ ላይ ቦታቸው በተዳፋቱ ግርጌ ነበር፤ ውሃው ከላይ ወርዶ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሦስተኛውን ላቬንደር በሕይወት ሳለ ነቅዬ ከመደቡ አናት ላይ፣ ተጨማሪ አንድ ስንዝር የጠጠር ጉብታ ሠርቼ ተከልኩት። የሞቱት የነበሩበትን አፈር አውጥቼ አስወገድኩ። በዚያ ቦታ ሌላ ተክል ለጊዜው አላስገባም። መቀሱንና አካፋውን በአልኮል ጠረግሁ።

ሳምንት 12

ከአሥራ ሁለቱ ቁርጥራጮች ዘጠኙ ሥር አወጡ። ቀስ ብዬ ስስባቸው ይይዛሉ።

ሳምንት 14

የመጨረሻው ቅንጠባ። ከዚህ በኋላ መቀስ አላነሳም። የእምቡጡ ጊዜ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል፤ ዘግይቶ የሚቀነጠብ ተክል አበባ የሚይዝበትን ጫፍ ያጣል፣ አዲስ ጫፍ እስኪያወጣም ወቅቱ ያልፈዋል። ብዙ ሰው «ይህ ተክል አያብብም» ብሎ የሚነቅለው በገዛ መቀሱ እምቡጡን እየቆረጠ ሳያውቀው ነው።

ሳምንት 18

ዝናቡ አበቃ። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው።

ሳምንት 21

ሦስት ሳምንት አንድ ጠብታ አልዘነበም። ውሃ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ሊትር። አጋስታኬዎቹ ይህ ወቅት የራሳቸው እንደሆነ ያስታውቃሉ፤ ብርቱካናማው አበባ ከላይ እስከ ታች ተንዠርግጓል፣ ቅጠሉ ሲነካ እንደ አኒስ ያለ ጣፋጭ ሽታ አለው። ከሁሉም ቀድመው አበቡ።

ከቀትር በኋላ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። መደቡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደክመህበት አሁን በጥም ልትገድለው ነው? ያ ሐምራዊ የተባለው አንገቱን ደፍቷል እኮ» አሉኝ።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ይዩትና ያን ጊዜም ደፍቶ ከሆነ እርስዎ በሚሉት ልክ አጠጣዋለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ቁጥር ሦስት ሳልቪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንዱን በጣታቸው ነክተው፣ ቅጠሉን አሽተው አሸተቱት፤ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግን ከዘጠኙ ችግኞች ለእርሳቸው የሚሆን ካለ ጠየቁኝ። ሁለት ሰጠኋቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ውሃ እንዳያጡ አደራ አልኳቸው።

ሳምንት 23

እምቡጥ! ከሦስት እስከ ስድስት ያሉት ሳልቪያዎች ጫፋቸው ጎብጦ፣ ሐምራዊ ፀጉር ለብሶ ወጣ። ታጌቴስ ሌሞኒውም በየጫፉ አረንጓዴ ራስ ይዟል፤ አጠገቡ ማለፍ ብቻ ልብስ ላይ ሽታ ያስቀራል፣ ሎሚና ካምፎር የተደባለቀበት ዓይነት።

ቁጥር አንድና ሁለት ግን ቅጠል ብቻ ናቸው። ከሌሎቹ ይልቅ ረዘሙ እንጂ እምቡጥ የላቸውም። አፈሩ አንድ ነው፣ ውሃው አንድ ነው፣ የተቀነጠቡበት ቀንም አንድ ነው።

ሳምንት 24

ማታ ወጥቼ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። የቤቱ በር መብራት ሌሊቱን በሙሉ ይበራል፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ቁጥር አንድና ሁለት ላይ ነው። ከቁጥር ሦስት ጀምሮ የግድግዳው ጥላ ይጋርዳቸዋል። የጥላው ጠርዝና ያላበቡት ተክሎች ጠርዝ አንድ ናቸው፤ መሬት ላይ በመስመር የተሰመረ ያህል።

ሳልቪያ ሌውካንታ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። ተክል የቀንን ርዝመት እንደሚቆጥር ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን በ1920 (እ.ኤ.አ.) ነው ያሳወቁት፤ የተነሡት ቀኑ እስኪያጥር ድረስ አላብብ ካለ አንድ የትንባሆ ዓይነት ነበር። በ1938 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ካርል ሃምነርና ጄምስ ቦነር ነገሩን ገለበጡት፦ ተክሉ የሚለካው ቀኑን ሳይሆን ያልተቋረጠውን ጨለማ ነው። ረጅሙ ሌሊት በመካከሉ ለጥቂት ደቂቃ በብርሃን ቢቋረጥ አንዳንዱ ተክል እንደ አጭር ሌሊት ይቆጥረዋል። የእኔዎቹ ሁለቱ ከተተከሉ ጀምሮ አንድም ሙሉ ሌሊት አላዩም።

አምፖሉን ፈትቼ አወጣሁት። ለመግቢያው ደጃፍ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ፣ ወደ ታች የሚመለከት መብራት ተካሁለት።

ሳምንት 27

ሣሩ ደርቋል፣ የጎረቤት አጥር ላይ ያለው ሐረግ ቅጠሉን ጥሏል፤ መደቡ ግን በሐምራዊ፣ በቢጫና በብርቱካናማ ተሞልቷል። ይህን ገጽ ስጽፍ ወንበሬን አውጥቼ መደቡ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ንቦቹን ስመለከት ነው የዋልኩት።

የሳልቪያው አበባ ቱቦ ረጅም ነው፤ በትውልድ አገሩ ረጅም ምንቃር ላላቸው ጥቃቅን ወፎች የተበጀ ነው። የማር ንብ ምላስ እስከ ሥሩ አይደርስም። መጀመሪያ ላይ ንቦቹ በአበባው አፍ ገብተው ተመልሰው ሲወጡ አይቼ አዝኜ ነበር። ከዚያ አንድ ትልቅ ጥቁር ንብ መጣ፤ እንጨት እየቦረቦረ የሚኖረው ዓይነት። ወደ አፉ አልሄደም። ከጎን ቱቦው ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ነጩን ቆዳ ሰነጠቀና ወለላውን ከዚያ ጠጣ። ስንጥቁ የጥፍር ጫፍ አያህልም። እርሱ ሲነሣ አንዲት የማር ንብ በዚያው ስንጥቅ ላይ አረፈች። ከዚያ ሌላ። እስከ ቀትር ድረስ ንቦቹ በአበባው ፊት ለፊት መግባቱን ትተው በቀጥታ ወደ ቱቦው ሥር፣ ጥቁሩ ንብ የቀደደውን እየፈለጉ ይሄዱ ጀመር። አበባው ጽጌ ብናኙን ለማንም ሳያሸክም ወለላውን ያጣል፤ ለዘር የሚተክል ሰው ይህን እንደ ጉዳት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ የማባዛው በቁርጥራጭ ስለሆነ ይብሉ እላለሁ።

አጋስታኬውና ታጌቴሱ ላይ ግን ሁሉም በበሩ ይገባል።

ሳምንት 28

ቁጥር ሁለት ጎበጠ! ጫፉ ላይ ሐምራዊ ፀጉር አለ። ቁጥር አንድ ገና ነው።

ሳምንት 32

ቁጥር አንድም ሁለትም አብበዋል፤ ከጨለማው የመጀመሪያ ሌሊት ስምንት ሳምንት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ መርገፍ ሲጀምሩ እነዚህ ሁለቱ በሙሉ ኃይላቸው ላይ በመሆናቸው የመደቡ የአበባ ወራት በአንድ ወር ረዘመ። ስህተቱ ጠቀመኝ ለማለት አልደፍርም፤ ግን የሚቀጥለው ዓመት አንዱን ተክል ሆን ብዬ እስከ ሳምንት 22 በመብራት ላዘገየው አስቤአለሁ።

ውሃ ካጠጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ማንም አልጠወለገም።

ሳምንት 40

ምንም አልሠራሁም። የደረቁትን የአበባ ዘንጎች አልቆረጥኩም፤ ወፎች የአጋስታኬውን ዘር እየለቀሙ ነው።

ሳምንት 47

ከግንዱ ሥር አዲስ አረንጓዴ ቡቃያ ሲወጣ አይቼ ነው መቀስ ያነሣሁት። ሳልቪያዎቹንና አጋስታኬዎቹን ከመሬት አንድ ስንዝር ትቼ አጨድኳቸው። ቡቃያው ሳይታይ የሚቆረጥ ከሆነ ባዶው ግንድ ይደርቃል፤ የቆመው አሮጌ ዘንግ የግንዱን አንገት ከብርድና ከፀሐይ ይጋርደዋል። ታጌቴሱን ሲሶውን ብቻ አሳጠርኩ። ሮዝመሪውንና ላቬንደሩን ቅጠል ካለበት በታች አልነካሁም፤ ያረጀ ባዶ እንጨታቸው እንደገና አያቆጠቁጥም። ጓንት አድርጌ ነው የሠራሁት፤ የታጌቴሱ ሽታ ጓንቱ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ሳምንት 52

ዓመቱ ሲሞላ ማየት የምፈልገው አንድ ነገር ነበር።

ቁጥር ስድስት ሳልቪያ ቧንቧው አጠገብ ነው። እኔ እንደ ሌሎቹ አጠጣሁት፤ ነገር ግን እጅ የሚታጠበው፣ ባልዲ የሚለቀለቀው እዚያ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ጥቂት ውሃ ሲደርሰው ኖሯል። ከሁሉም ረጅሙና ለምለሙ እርሱ ነው። በሳምንት 27 ግን ሦስቱ ዘንጎቹ በገዛ ክብደታቸው ተጋድመው ነበር።

ከእርሱና ከቁጥር አራት ጎን ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈርኩ፤ አፈሩንም በእንጨት ሹል ቀስ እያልኩ ከሥሩ ጠረግሁ። የቁጥር ስድስት ሥር ምንጣፍ ይመስላል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ከላይኛው አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተዘርግቷል፣ ከዚያ በታች ጥቂት ክሮች ብቻ አሉ። የቁጥር አራት ላዩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እንደ እርሳስ የወፈሩ አራት ሥሮች በቀጥታ ወርደው ከቦዩ ወለል በታች፣ የድሮው ዋልካ ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል። አንደኛውን እስከ መጨረሻው ልከተለው ፈልጌ ነበር፤ አፈሩ ከዚያ በታች ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፣ ዝናብ ካየን ስምንት ወር ሆኖናል። ሥሩን ላለመበጠስ ብዬ ተውኩት።

ቦዩን ሞልቼ ጠጠሩን መለስኩ። ከቧንቧው ሥር የሚፈሰውን ውሃ ወደ አጥሩ ማዶ የሚወስድ ቱቦ ዘርግቻለሁ። ቁጥር ስድስት ከአሁን ጀምሮ በየሳምንቱ አሥር ሊትር ያገኛል፣ ከወር በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ፤ እንደ አዲስ ችግኝ ነው የምቆጥረው። ሰባቱ ቁርጥራጮች ደግሞ በፕላስቲካቸው ውስጥ ሥራቸው መዞር ሳይጀምር ነገ መደቡ ላይ ይገባሉ፤ ዝናቡ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።